በእንዶድ የታጠበችው ድመት

ሰው በየሸንጎውና በየሰርግ ቤቱ እንደ ጠጠር የሚወረውረው ተረት ሁሉ፣ በመጀመሪያ ተወርውሮ ያረፈበት አንድ ራስ ነበረው። ዘመን ሲያልፍ የተመታው ሰው ይረሳል፤ ጠጠሩ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እየለሰለሰ ይኖራል። በእኛ አገር፣ ውጭውን አሳምሮ ውስጡን ላስበላ ሰው የምትባል አንዲት አጭር ተረት አለች። ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ ለሚቀባ፣ ልጁ ፊደል ሳይለይ ለልጁ ካባ ለሚያሰፋ፣ በዓይነቱ ልዩ ልዩ ለሆነ ከንቱ ሰው ሁሉ ትነገራለች። የሚናገሯት ይስቃሉ፤ የምትነገርባቸውም ለሌላ ሰው የተባለች መስሏቸው አብረው ይስቃሉ። እኔ ታሪኳን የሰማሁት ስትነገር ከማይስቁ አንዲት አሮጊት ነው። አሮጊቷ የወይዘሮ ትርንጎ የልጅ ልጅ ናቸው፤ ላለመሳቃቸውም ምክንያት አላቸው።

ጥድ አፋፍ በምትባል ደጋማ መንደር ግራዝማች ጓንጉል የሚባሉ ባለርስት ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ለመሆን ስለ ሌላ ሰው አጥብቆ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ግራዝማች ግን የሚያስቡት ሌላው ሰው ስለ እሳቸው የሚያስበውን ብቻ ነበር። ሁሉ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይላቸው ይወዱ ነበር። ሸማቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ ወንዝ ይወርዳል። የቤታቸው የፊት ግድግዳ በየዓመቱ ኖራ ይቀባል፤ በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ መንገደኛ ስለማያየው በሁለት ግንድ ተደግፎ ይኖራል። ንጽሕና ለእሳቸው ከዓይን ፊት የሚዘረጋ ምንጣፍ ነበር፤ ዓይን በሌለበት ይጠቀለላል።

በዚያ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከቀንድ በተሠራ መስቀያ ላይ፣ በቆዳ ማኅደር የተከተተ አንድ የብራና መዝገብ ይንጠለጠል ነበር። ያስጻፉት አባታቸው ቀኛዝማች ሣህሉ ናቸው። ሸንበቆ ማሳ የሚባለው ሰፊ እርሻ ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደሚደርስ፣ እኩሌታው ለወንዱ ልጅ ለጓንጉል፣ እኩሌታው ለሴቷ ልጅ ለትርንጎ መሆኑም በዚያ ብራና ሰፍሯል። ቀኛዝማች ሲሞቱ ሁለት ነገር ተናዘዙ፦ መዝገቡ ከቤቱ ደጃፍ እንዳይወጣ፣ ከመስቀያውም ሥር ድመት እንዳይጠፋ። የመጀመሪያው ቃል ክብር ስለሚመስል ግራዝማች በየድግሱ ያወሩት ነበር። ሁለተኛው ግን የተራ ሰው ጥንቃቄ ስለሚመስል አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም።

ሁለተኛውን ቃል የያዙት እኅታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸው ከሁለት ሴት ልጆች ጋር ወደ አባታቸው ቤት ከተመለሱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ግራዝማች በሌላ ቀበሌም መሬት አላቸው፤ ለወይዘሮ ትርንጎ ግን በዚህ ዓለም የኔ የሚሉት የሸንበቆ ማሳ እኩሌታ ብቻ ነበር። ስለዚህ መዝገቡን እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቁታል፤ ለመዝገቡም ድመታቸውን ጉምን ሾመውለታል። ጉም ተፈጥሮዋ ነጭ ነው። ነገር ግን ቀኑን በቆጡ ጥላሸትና በጓዳው አቧራ ስትሽሎከሎክ ውላ፣ ከምድጃው አመድ ላይ ስለምትተኛ፣ ሰው ነጭነቷን የሚያውቀው ስትዘረጋ በሚታየው በብብቷ በኩል ነበር። እድፏ የሥራዋ ማኅተም ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ አንዲት አይጥ ማኅደሩን አልነካችም።

ጎረቤታቸው ባላምባራስ አምባዬ በሸንበቆ ማሳ ላይ የድንበር ክስ ባነሡ ጊዜ፣ ከአውራጃው የተላከ ዳኛ ሐሙስ ቀን መጥቶ መሬቱን በዓይኑ እንዲያይ፣ መዝገቡም ከቤት ስለማይወጣ እዚያው ቤት ገብቶ እንዲያነበው ተወሰነ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ መዝገቡን ያያል። ግራዝማች ያዩት ድመቷን ነው። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰው አዳራሹ ውስጥ እንደ ተቀመጡ፣ ጉም አፏ ላይ አይጥ አንጠልጥላ በምንጣፉ ላይ አለፈች።

"ዳኛ የምትቀበለው ይህች ናት?" አሉ ግራዝማች።

"ዳኛውን የሚቀበሉት እርስዎ ነዎት፤ እሷ የምትቀበለው አይጥ ነው" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

"ነጭ ድመት ጠቁራ ስትታይ የቤቱን ሴቶች ስንፍና ነው የምታወራው።"

"ጋሼ፣ ጥላሸቱ ከየት የመጣ መሰልዎት? አይጦቹ ካሉበት ነው። ካስጠላችዎት ግድ የለም፤ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ አብሳታለሁ። ከዚያ ፉርሽካ አሙቄ ፀጉሯ ውስጥ አሻሽቼ በሚዶ አበጥራታለሁ። ፉርሽካው አመዱን ይዞት ይወርዳል፤ የቀረውን ራሷ በምላሷ ትጨርሰዋለች።"

"ፉርሽካ የበቅሎ ነው። ባለማዕረግ ቤት ያለ ነገር በፉርሽካ አይጠራም።" ግራዝማች የሸማቸውን ጥለት ከፍ አድርገው አሳዩ። "ይህን እንደ ወተት ያነጣው እንዶድ ድመት ማንጣት ያቅተዋል?"

"ሸማ ራሱን አይልስም" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

በዚህች ሦስት ቃል ውስጥ ማስተዋል ለሚሻ ሰው የሚበቃ ጥበብ ነበር። እንዶድ ተወቅጦ ሲዘፈዘፍ ነጭ አረፋ ያወጣል፤ ልብስ ያጠራል። ልብስ ከሚታጠብበት በታች ግን ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ ውሃ የወረደ ሁሉ አይቷል። ግራዝማች ውሃ ወርደው አያውቁም፤ ወደ ወንዙ የሚወርደው ሸማቸው ነው።

"አንቺ ሁልጊዜ መልስ አለሽ" አሉ።

"እርስዎም ሁልጊዜ እንግዳ አለብዎት።"

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ተረቷ አትወለድም ነበር። ሰኞ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ትርንጎ ገበያ መሄዳቸውን ጠብቀው፣ ግራዝማች አንድ ገበቴ ሙሉ እንዶድ አስወቀጡና ከጓሮ ተቀመጡ። አሽከራቸው ድመቷን በስልቻ ከቶ አንገቷን ብቻ አውጥቶ አመጣት። በስልቻ ውስጥ ያለ ነገር እንደማይታጠብ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀባቸው። በመጨረሻ ስልቻው ተፈታ፣ ጉምም በአራት እጅ ተይዛ አረፋው ውስጥ ገባች። ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ያልተፈጠረ ፍጥረት የሚያደርገውን ሁሉ አደረገች። ውሃው ጠቁሮ ሁለት ጊዜ ተለወጠ። ሲያበቃ አሽከሩ ደም የለበሰ ክንዱን እያየ "ጌታዬ፣ የታጠብኩት እኔ ነኝ" አለ።

"ዝም በል፤ እያት" አሉ ግራዝማች።

እውነት ነው፤ ነጥታለች። ከኖራው ግድግዳ ፊት በፀሐይ ስትቆም ዓይኗ ብቻ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። ግራዝማች መንገደኛ እየጠሩ አሳዩዋት። አንዱ መንገደኛ "ታድያ ምን ሆና ነው የምትንቀጠቀጠው?" ብሎ ቢጠይቃቸው፣ "ንጽሕና ያላደገበትን ሰው እንኳ መጀመሪያ ያንቀጠቅጠዋል" ብለው መለሱ። በዚህ አባባላቸው ለብዙ ሰዓት ተደሰቱ። ድመቷ በበኩሏ የደረሰባትን ለማረም ጥግ ይዛ ከጅራቷ እስከ ትከሻዋ ራሷን ትልስ ጀመር። ድመት የምታውቀው እጥበት ይህ ነው፤ በላሰች ቁጥርም እንዶዱን ትውጣለች።

ወይዘሮ ትርንጎ ከገበያ ሲመለሱ ጉም አፏ አረፋ ደፍቆ፣ እግሮቿ ከድተዋት ከምድጃው ዘንድ ወድቃ አገኟት። ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ደጋግመው አለቀለቋት፤ አደረቋት፤ ወተት በጣታቸው እያጠቀሱ አላሷትና ባዘቶ ጥጥ ውስጥ ጠቀለሏት። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ሄዱ።

"ጓዳው ጠባቂ የለውም" አሉ። "ማኅደሩን ይስጡኝ። እስከ ሐሙስ ከጎኔ አይለይም።"

"የአባቴን መዝገብ? ሴት ጉያ ውስጥ ተገኘ ሲባል ዳኛው ምን ይለኛል?"

"ዳኛውማ መዝገቡ ሳይበላ ተገኘ ይላል።"

ግራዝማች ወንዱ ልጅ እሳቸው መሆናቸውን አስታወሷቸው። ማክሰኞ ማለዳ ጓዳ ገቡ። ማኅደሩ ለዓመታት ከጭስ የተነሣ ደርቆና ደብዝዞ ነበር። ነጭ ድመት ባለበት ቤት ደብዛዛ ማኅደር ለዳኛ ማቅረብ ነውር መስሎ ታያቸው። ቆዳ የሚወዛው በቅቤ ነው፤ ይህን ኮርቻ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ለጋ ቅቤ አስመጥተው ማኅደሩን ፊትና ጀርባውን፣ አፉንና ማንገቻውን በእጃቸው ለቀለቁት። ተንጠልጥሎ ቅቤው ግድግዳው ላይ እንዳይንጠባጠብባቸው ከመስቀያው አውርደው በአንድ ዱካ ላይ አስተኙት። ይህን ሁሉ አድርገው በሩን ቆለፉ፣ ቁልፉንም በማተባቸው ላይ አሰሩት። ድርጊታቸውን አንድ በአንድ ሳስበው፣ አይጦች መልእክተኛ ልከው ቢለምኗቸው እንኳ ከዚህ የተሻለ መስተንግዶ የሚጠይቁ አይመስለኝም።

ከቀትር በኋላ ወይዘሮ ትርንጎ በጓዳው በር አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ።

"ጋሼ፣ ከበሩ ሥር የቅቤ ሽታ ይመጣል። ምን አደረጉ?"

"የአባቴን ማኅደር አከበርኩት።"

"ድመቷ አልተነሣችም እኮ።"

"ለሐሙስ የቀረው ሁለት ቀን ነው። በሁለት ቀን አይጥ ምን ታነባለች?"

"እርስዎ በሠላሳ ዓመት ያላነበቡትን" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፤ ወዲያውም ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አለቃ ወልደ ሰንበት ቤት ሄዱ።

አለቃ ወልደ ሰንበት የቤተሰቡ ነፍስ አባት ነበሩ። ጓንጉልን በልጅነታቸው ዳዊት ያስደገሙ፣ ቢያንስ ለማስደገም የደከሙ፣ መዝገቡም ሲጻፍ በቦታው የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ረቡዕ በምርኩዝ መጡ። ግራዝማች ከደጅ ተቀብለው ቀጥታ ድመቷ በጥጥ ተጠቅልላ ወደ ተኛችበት ወሰዷቸው።

"እስኪ ይመልከቷት፣ አለቃ። የእርስዎ ጥምጥም እንኳ ይህን ያህል አይነጣም።"

አለቃ ድመቷን ሳይሆን የሰውየውን ፊት ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። "ጓንጉል፣ ድመቷን አየሁ። ጓዳውን አሳየኝ።"

"ጓዳው ነገ ለዳኛው ይከፈታል። ዛሬ ቢከፈት አቧራ ይገባል።"

"አቧራ ብራና አይበላም" አሉ አለቃ።

በሩ ግን አልተከፈተም። በራሱ ቤት ቁልፍ የያዘን ሞኝ የሚያስገድድ ሕግ በዚያ ዘመን አልነበረም፤ በዚህም ዘመን መውጣቱን አልሰማሁም።

ሐሙስ ዳኛው ከጸሐፊያቸው ጋር መጥተው ማሳውን ዞሩ። ባላምባራስ አምባዬ በአራት ምስክሮች ታጅበው ድንበሩ ከምንጩ እንደማያልፍ አስረዱ። ከዚያ ሁሉም ወደ ግራዝማች አዳራሽ ገቡ። ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቷል። በዳኛው ፊት በመከዳ ላይ ጉም ተኝታለች፤ ከሦስት ቀን በኋላ ገና ራሷን ማቅናት ጀምራ ነበር። ዳኛው ጨዋ ሰው ስለሆኑ "ነጭ ድመት ናት" አሉ። ግራዝማች ከዚህ የበለጠ ምስጋና በሕይወታቸው የሰሙ አይመስሉም ነበር። ስለ አስተጣጠቧ ሊያብራሩ ሲጀምሩ ዳኛው "መዝገቡን" አሉ።

ቁልፉ ከማተቡ ተፈታ፤ በሩ ተከፈተ። ማኅደሩ በዱካው ላይ፣ ያኔ በተተወበት ሥፍራ አለ። ከላይ ያብረቀርቃል። ግራዝማች በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ ታቦት እንደሚሸከም ሰው አንገታቸውን ደፍተው ወደ አዳራሹ ሲገቡ፣ ከሥሩ እንደ ብናኝ ያለ ነገር በምንጣፉ ላይ መንገድ እየሠራ ተከተላቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ያን ብናኝ አይተው ተቀመጡ። ብናኙ ምን እንደ ሆነ ያወቁት ከሁሉ ቀድመው ነው።

ዳኛው ማኅደሩን ከፈቱ። የታችኛው ጎኑ የለም። ብራናው ወጣ፤ የላይኛው እኩሌታ ደህና ነበር። የሥላሴ ስም በቀይ ቀለም እንደ ተጻፈ አለ። የቀኛዝማች ሣህሉ ስም ከነማዕረጉ አለ። ዳኛው ከዚያ ወርደው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦

"የሸንበቆ ማሳ ድንበር፣ ከወይራው እስከ..."

ከዚያ ወዲያ ያለው የጥርስ ጥለት ነበር።

"እስከ የት?" አሉ ዳኛው።

ግራዝማች ወደ ግድግዳው ተመለከቱ፤ ኖራው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

"እስከ ምንጩ" አሉ ባላምባራስ አምባዬ ቀስ ብለው። "እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ ነው። አይጧም ከእኔ ጋር ሳትስማማ አልቀረችም።"

ዳኛው ወደ አለቃ ዞሩ። "ሲጻፍ ነበሩ ይባላል። ድንበሩን ያስታውሳሉ?"

"አስታውሳለሁ" አሉ አለቃ። "ከወይራው እስከ ነጩ ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ አልፎ እስከ ጅረቱ ነው። ምንጩ በመካከል ይቀራል።"

"የነፍስ ልጆቻቸው ናቸው" አሉ ባላምባራስ። "ነፍስ አባት ለነፍስ ልጁ መስክሮ ያውቃል? ክቡር ዳኛ፣ ምስክርነታቸውን እቃወማለሁ።"

አለቃ አልተከራከሩም። "ልክ ነው" አሉ። "ብራናው የተጻፈው እኔ ብናገር እንደማልታመን ታስቦ ነበር።"

ዳኛው ብራናውን አገላብጠው ቢያዩትም በጀርባው የተጻፈ ነገር አልነበረም። አይጥ የበላውን ማንበብ እንደማይችሉ፣ ያልተነበበም መዝገብ ማስረጃ እንደማይሆን ተናግረው፣ ባላምባራስ ባቆሟቸው አራት ምስክሮች መሠረት ከወይራው እስከ ምንጩ ያለው ብቻ በሣህሉ ልጆች እጅ እንዲቀር፣ ከምንጩ ወዲያ ያለው ለባላምባራስ እንዲሆን ፈረዱ። ከምንጩ ወዲያ ያለው የማሳው ዋናው ክፍል ነው። ከምንጩ ወዲህ የቀረው ለአንድ ጥማድ በሬ የግማሽ ቀን ሥራ አይሞላም።

ወይዘሮ ትርንጎ ድመቷን ከመከዳው ላይ አንሥተው በነጠላቸው አቀፏት። በሩ ዘንድ ከደረሱ በኋላ ዞሩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅ" አሉ ለዳኛው። "ለዚያች ለቀረችውስ ቁራሽ፣ ስሜ አለ?"

ዳኛው እንደ ገና ብራናውን ወደ ብርሃን አቅርበው በጣታቸው መስመር በመስመር ፈለጉ። "በዳር በቀረች ቁራጭ ላይ የወንድምዎ ስም አለ" አሉ። "ከእሱ ቀጥሎ 'ወ' የምትል ፊደል አለች። ከዚያ ተበልቷል፣ እመቤት።"

ወይዘሮ ትርንጎ አላለቀሱም። የልጅ ልጃቸው እንደ ነገሩኝ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ማሳ አረም ሲያርሙ እንኳ የወይዘሮነታቸው መነሻ የነበረችውን ያችን "ወ" አንሥተው ሲያወሩ ፊታቸው አይለወጥም ነበር። በዚያ ቅጽበት ያደረጉት ነገር ቢኖር የድመቷን ጆሮ በመዳፋቸው መሸፈን ነው፤ ወንድማቸው መናገር ጀምረው ነበርና።

ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ "መዝገቡ የጎደለበትን ምክንያት ምን ብዬ ልጻፍ?" ብሎ ጠይቆ ነበር። ለግራዝማች ይህ ክብራቸውን የሚመልሱበት በር ሆኖ ታያቸው። ቆመው ሸማቸውን አስተካከሉ። ስለ አባታቸው ማዕረግ፣ ማኅደሩ ስለ ተቀባው ቅቤ ለጋነት፣ ስለ እንዶዱ አወቃቀጥ፣ ስለ አሽከሩ ድንቁርና፣ አይጦች በዘንድሮው ዓመት ስለ መብዛታቸው አንድ በአንድ አስረዱ። ጸሐፊው አንዱን ጽፎ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል። በመጨረሻ ግራዝማች እጃቸውን ወደ በሩ፣ በእኅታቸው እቅፍ ውስጥ ወዳለችው እንስሳ ዘረጉ።

"ለማንኛውም" አሉ፣ "ድመቷ እንደምታዩዋት ንጽሕት ናት። ይህም ይጻፍልኝ።"

ባላምባራስ እንኳ ሳቃቸውን ዋጡ። አለቃ ወልደ ሰንበት በምርኩዛቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ፤ በኖራው ግድግዳ በኩል አልፈው ከጸሐፊው አጠገብ ሲደርሱ፣ እጃቸውን በወረቀቱ ላይ አሳርፈው እንዲህ አሉ፦ "ቀለምህን አትጨርስ ልጄ፤ ይህን ሁሉ ሰርዝና አራት ቃል ጻፍለት፣ ለልጅ ልጁ ይበቃዋል፦ ድመት አጥቦ፣ አይጥ አጥግቦ።"